ቁጥቋጦ ዴዚ በደሴና በኮምቦልቻ ግቢ፦ ከቀንበጥ ቁራጭ እስከ አበባ

ደሴ ግቢ ውስጥ በነጭ አበባ የተሸፈነ የዴዚ ቁጥቋጦ ይታያል፤ ቀንበጡ ይቆረጥና ኮምቦልቻ ወስደው በዚያው ወር ይተክሉታል። በዓመቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ፣ አበባው ተመናምኖ ይገኛል። ተካዩ ውሃ አላጓደለበትም፤ እንዲያውም አብዝቶለታል። የተሳተው ወሩና አፈሩ ነው።

ሁለቱን ከተሞች የሚለያቸው በሐረጎ ቁልቁለት 25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ብቻ ነው። ሆኖም ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ይገኛሉ። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ስለሚቀንስ በሁለቱ መካከል ወደ 4 ዲግሪ የሚጠጋ ልዩነት አለ። ለዴዚ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ደሴ ላይ ጠላቱ የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ነው፤ ኮምቦልቻ ላይ ደግሞ የግንቦትና የሰኔ ሙቀት፣ በሜዳው ላይ የተኛው ጥቁር ዋልካ አፈርም ተጨምሮ። ስለዚህ ከዚህ በታች ወሩን በየከተማው ለያይተን እንሰጣለን።

የትኛው ዴዚ?

ዴዚ የሚባሉት የአደይ አበባ፣ የኑግና የሱፍ ዘመዶች ናቸው። አንድ አበባ የሚመስለን ነገር በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው፤ መሐሉ ላይ ያለው ቢጫ ክብ ራሱ በመቶ በሚቆጠሩ አበቦች የተሞላ ሊሆን ይችላል። አብዛኞቹ ዴዚዎች ለስላሳ ግንድ ያላቸው ተክሎች ናቸው። እንጨት የሚያበጁትና ለዓመታት በግቢ የሚቆሙት ጥቂቶች ሲሆኑ እዚህ የምናወራው ስለ ሁለቱ ነው።

የመጀመሪያው ነጩ ዴዚ፣ ማርጋሪት ነው። የሳይንስ ስሙ አርጊራንተመም ፍሩቴሰንስ ሲሆን የትውልድ ቦታው የካናሪ ደሴቶች ነው። ቅጠሉ አረንጓዴና የተሰነጣጠቀ ነው። ቁመቱ ከ60 ሴንቲ ሜትር እስከ 1 ሜትር ይደርሳል። ሮዝና ቢጫ አበባ የሚያወጡ ዓይነቶችም አሉት። ቀዝቀዝ ያለ አየር ይወዳል፤ በኃይለኛ ሙቀት ማበብ ያቆማል። ዕድሜው አጭር ነው፤ ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው ዓመት በኋላ ግንዱ እየተራቆተ ይሄዳል።

ሁለተኛው ቢጫው ዴዚ፣ ዩሪዮፕስ ፔክቲናተስ ነው። ከደቡብ አፍሪካ የኬፕ አካባቢ የመጣ ነው። ቅጠሉ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የተሰነጠቀ፣ ሲነኩት ለስላሳ ጸጉር ያለው፣ ግራጫ መልክ ያለው ነው። እስከ 1 ሜትር ተኩል ያድጋል፤ ድርቅና መጠነኛ ውርጭ ከነጩ በተሻለ ይችላል። የዚሁ የዩሪዮፕስ ወገን የሆነ ሌላ ዝርያ በመንዝ ጓሳ ከፍታ ላይ በተፈጥሮ ይበቅላል። ወገኑ ለደጋችን እንግዳ አይደለም ማለት ነው።

አንድ ብቻ የሚተክል ሰው ለደሴ ነጩን፣ ለኮምቦልቻ ቢጫውን ይምረጥ። ሁለቱንም በሁለቱም ከተማ ማሳደግ ይቻላል፤ ግን የማይመቸው ቦታ ላይ ያለው ሁልጊዜ ትንሽ ተጨማሪ ትኩረት ይጠይቃል።

ቦታና አፈር

በቀን ቢያንስ 6 ሰዓት ቀጥተኛ ፀሐይ የሚያገኝ ቦታ ያስፈልጋል። ተራራ ፀሐይን በሚያዘገይበት ወይም ቶሎ በሚጋርድበት የደሴ ሰፈር ሰዓቱን በእርግጥ ይቁጠሩ። በጥላ የቆመ ዴዚ ይረዝማል፣ ይዘነበላል፣ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም። ኮምቦልቻ ላይ ነጩን ከተከሉ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት በኋላ የቤት ወይም የዛፍ ጥላ የሚያርፍበትን ጎን ይምረጡለት።

የባሕር ዛፍ ሥር ውሃውን ስለሚሻማ ቢያንስ 5 ሜትር ይራቁ። የጣሪያ ፍሳሽ ከሚወርድበት መስመር ሥርም አይትከሉ፤ የነሐሴ ዝናብ ከቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ሥሩን ያራቁተዋል፣ ጭቃውንም ቅጠሉ ላይ ይረጫል። ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ዝቅተኛው ቦታ ይፈስሳል። ስለዚህ ደሴ ላይ የግቢው ጉድጓዳ ጥግ ከሁሉ በፊት ውርጭ የሚያርፍበት ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው የዋለ የድንጋይ ግንብ ሥር ግን ሌሊቱን ሞቅ ብሎ ያድራል።

ዋናው ጉዳይ አፈሩ ነው። ዴዚን ከጥማት ይልቅ ውሃ የቋጠረ አፈር ይገድለዋል። ከመትከልዎ በፊት ይህን ይፈትኑ፦ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋትና 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ቆፍረው በውሃ ይሙሉት። ሲሰርግ እንደገና ይሙሉና በሰዓት ስንት ሴንቲ ሜትር እንደቀነሰ በበትር ይለኩ። በሰዓት ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከወረደ ቦታው ይሆናል። ከዚያ ካነሰ በቀጥታ መሬት ውስጥ መትከል ለክረምቱ አሳልፎ መስጠት ነው።

በደሴ ተዳፋት ላይ ያለው ድንጋያማ አፈር አብዛኛውን ጊዜ ፈተናውን ያልፋል፤ የሚጎድለው ብስባሽ ነው። የኮምቦልቻ ሜዳ ዋልካ ግን ይወድቃል፤ በክረምት ውሃ ይቋጥራል፣ በበጋ ተሰነጣጥቆ ሥሩን ይበጥሳል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሠራው ስሕተት ዋልካው ውስጥ አሸዋ ብቻ መጨመር ነው። ትንሽ አሸዋ ከዋልካ ጋር ሲደባለቅ እንደ ጡብ ይደርቃል። መፍትሔው ወደ ታች መቆፈር ሳይሆን ወደ ላይ መደብ ማንሳት ነው።

የመደቡ አሠራር እንዲህ ነው። 1 ሜትር በ1 ሜትር ቦታ በድንጋይ ይክበቡና 30 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያድርጉ። ድንጋዮቹን በሲሚንቶ አያያይዙ፤ ውሃው በመካከላቸው ይውጣ። ከሥር ያለውን ዋልካ በዶማ አንድ ጊዜ ብቻ ፈቅፈቅ አድርገው ይተዉት። መደቡን የሚሞላው 300 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 15 ባልዲ ድብልቅ ነው፦ 7 ባልዲ ለም የላይኛ አፈር፣ 4 ባልዲ በደንብ የበሰበሰ ፍግ ወይም ኮምፖስት፣ 4 ባልዲ ሻካራ የወንዝ አሸዋ። በመጀመሪያው ክረምት አፈሩ ጥቂት ሴንቲ ሜትር ይሰጥማል፤ ለመሙያ 1 ተጨማሪ ባልዲ ያስቀምጡ። ፍጉ የእበት ሽታ ካለው አልበሰለም፤ ሥር ያቃጥላል። የበሰለው ከዝናብ በኋላ እንደሚሸት መሬት ይሸታል።

ከቀንበጥ ቁራጭ ማብዛት

ዘር ፍለጋ መድከም አያስፈልግም። የጎረቤት ቁጥቋጦ ካለ በአንድ ጠዋት አሥር ችግኝ ማግኘት ይቻላል፤ ቀንበጥ መቁረጥም እናቲቱን ይጠቅማታል እንጂ አይጎዳትም።

ለደሴ ትክክለኛው ጊዜ ውርጩ ካለፈ በኋላ፣ ከየካቲት አጋማሽ እስከ መጋቢት መጨረሻ ነው። ለኮምቦልቻ ሐምሌ ይሻላል፤ አየሩ ርጥበት አለው፣ ችግኙም ለቀዝቃዛዎቹ ወራት ይደርሳል። ቁራጮቹን ግን ዝናብ የማይመታቸው በረንዳ ላይ ያኑሯቸው።

ጠዋት፣ ፀሐይ ሳይበረታ፣ እንቡጥ ያልያዘ ቀንበጥ ይምረጡ። እንቡጥ ያለው ኃይሉን ሁሉ ለአበባው ስለሚሰጥ ሥር ማውጣት ይዘገያል። ሲያጎብጡት ታጥፎ የሚመለስ እንጂ እንደ ሰላጣ ግንድ ቀጭ የሚል መሆን የለበትም። ቀጭ ካለ ገና እንጭጭ ነው፣ ይበሰብሳል። ርዝመቱ ከ8 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ሆኖ ከአንጓው ልክ በታች በስለታም ምላጭ ይቆረጥ፤ ሥር በብዛት የሚወጣው ከአንጓው አካባቢ ነውና። የታችኛውን ግማሽ ቅጠል ያራግፉ። ወዲያው የማይተክሉት ከሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጠቅልሉት።

ማደጊያው 2 እጅ አሸዋ፣ 1 እጅ የተነፋ ብስባሽ ይሁን። የፈላ ውሃ አፍስሰውበት እንዲቀዘቅዝ ይተዉት፤ ቡቃያን የሚያጠወልገው ሻጋታ ይቀንሳል። በእንጨት ቀዳዳ ያብጁና ቁራጩን እስከ ግማሹ ያስገቡ፤ ሳይቀዱ መውጋት የተቆረጠውን አፍ ያቆስለዋል። በጣትዎ ዙሪያውን ጫን ያድርጉ፣ በዝግታ ያጠጡ፣ ከዚያ ሥሩ የተቆረጠ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ይድፉበት። ቀን ቀን ክዳኑን ይክፈቱ፣ ማታ ይዝጉ። ብርሃን እንጂ ቀጥተኛ ፀሐይ አይንካው፤ ሃይላንዱ ፀሐይ ላይ ከዋለ ቁራጩ ውስጡ ይበስላል።

ነጩ በኮምቦልቻ በ3 ሳምንት፣ በደሴ ከ4 እስከ 5 ሳምንት ውስጥ ሥር ያወጣል። ቢጫው ከዚያ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይዘገያል። ለማረጋገጥ ቀስ አድርገው ይሳቡት፤ ከያዘዎት ሥር አለ። በየቀኑ እየነቀሉ ማየት ግን ከሁሉ በላይ የሚገድለው ነገር ነው። ከዚያ 12 ሴንቲ ሜትር ስፋት ባለው የችግኝ ፕላስቲክ ውስጥ ያዛውሩት።

አሁን የሚዘለለው ነገር ይመጣል፦ ጫፉን መቀንጠብ። ችግኙ አዲስ 5 ወይም 6 ቅጠል ሲያወጣ የላይኛውን ጫፍ በጥፍር ይቀንጥቡት። ሁለት ሦስት ጎን ቀንበጥ ያወጣል። እነሱም 8 ሴንቲ ሜትር ሲደርሱ እንደገና ይቀንጥቡ። የመጀመሪያው አበባ በአንድ ወር ይዘገያል፤ በምትኩ አንድ ረጅም በትር ሳይሆን ድቡልቡል ቁጥቋጦ ያገኛሉ። ያልተቀነጠበውን ኋላ በመቀስ ማስተካከል በጣም ከባድ ነው።

መትከል

ደሴ ላይ ተዳፋት ወይም ከፍ ያለ መደብ ካለዎት በሐምሌ መጀመሪያ ሳምንታት ይትከሉ፤ እስከ ኅዳር ሥሩን ለመስደድ አራት ወር ያገኛል። ኮምቦልቻ ላይ ትልቁ ዝናብ ይለፍ፤ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ጥቅምት መጀመሪያ ያለው ጊዜ የተሻለ ነው። ቀዝቃዛው ወር ሲገባ ተክሉ ማበብ ይጀምራል።

ጉድጓዱ 40 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 30 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ይኑረው። ከወጣው አፈር ጋር ሩብ ያህል ብስባሽ ይደባልቁ። ፕላስቲኩን ቀድደው ያውጡ፤ ሥሩ እንደ ቀለበት ከተጠማዘዘ ዙሪያውን በጣት ፈታ ያድርጉት። ችግኙ ፕላስቲኩ ውስጥ በነበረበት ልክ እንጂ ከዚያ ዝቅ ብሎ አይቀበር። አንገቱ አፈር የለበሰ ዴዚ ከግንዱ ጀምሮ ይበሰብሳል። ነጮቹን 70 ሴንቲ ሜትር፣ ቢጫዎቹን 1 ሜትር ከ20 ያራርቋቸው። ትንሽ ሳሉ ባዶ ቦታ የበዛ ይመስላል፤ ተጨናንቀው ካደጉ ግን አየር አጥተው ሻጋታ ይይዛቸዋል።

ወዲያው 3 ሊትር ያጠጡ። 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ጭድ ወይም ደረቅ ሣር ይጎዝጉዙ፤ ከግንዱ ግን አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። ደሴ ላይ በክረምቱ መሐል ጉዝጓዙን አንሥተው በመስከረም ይመልሱት፤ በዝናብ ወር የቀንድ አውጣ መኖሪያ ይሆናልና።

ውሃና ማዳበሪያ

በመጀመሪያው ወር ዝናብ ከሌለ በየ3 ቀኑ 2 ሊትር ያጠጡ። ከዚያ በኋላ በበጋ በሳምንት አንድ ጊዜ ከ5 እስከ 6 ሊትር ይበቃል፤ ኮምቦልቻ ላይ በግንቦትና በሰኔ ሁለት ጊዜ ይሁን። ሁልጊዜ ጣትዎን 5 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ አስገብተው ርጥበት ካለ ይተዉት። ጥቂት ጥቂት በየቀኑ ማርከፍከፍ ሥሩን ወደ ላይ ይስበዋል፤ አንድ ቀን ቢረሱት ይጠወልጋል። ጠዋት፣ ከሥር እንጂ በአበባው ላይ አይሁን። ውሃ በሚጠፋበት ጊዜ አትክልት የታጠበበት ውሃ ይሆናል። በዱቄት ሳሙና ልብስ የታጠበበት ግን አፈር ላይ ጨው ስለሚከማችበት አይጠቀሙበት። የቡና አተላም ግንዱ ሥር አይከመር፤ ኮምፖስት ጉድጓድ ውስጥ ይግባ።

ማዳበሪያ ጥቂት ነው። በዓመት አንድ ጊዜ፣ ደሴ በየካቲት፣ ኮምቦልቻ በመስከረም፣ ለአንድ ቁጥቋጦ ግማሽ ባልዲ ብስባሽ ዙሪያውን በትነው በቀላሉ ይኮትኩቱ። ዩሪያ አይስጡት። ለጤፍና ለስንዴ የሚጠቅመው ናይትሮጅን ዴዚን ቅጠላም ያደርገዋል፤ ለስላሳውን ቀንበጥም ክሽክሽ (ጭማቂ የሚመጥ ጥቃቅን ተባይ) ይወደዋል፣ ውርጭም መጀመሪያ የሚመታው እሱን ነው።

መቀስ

የደረቀውን አበባ በየሳምንቱ ያንሡ። ጭንቅላቱን ብቻ ቆንጥሮ መጣል ባዶ ዘንግ ያስቀራል፤ ዘንጉን ተከትለው እስከ መጀመሪያው ቅጠል ድረስ ይቁረጡ። ተክሉ ዘር ካላሰረ ሌላ እንቡጥ ያወጣል።

ዋናው ክርከማ ግን ሌላ ነው። ከቁጥቋጦው ቁመትና ጎን አንድ ሦስተኛውን ያህል ይቀንሱ፤ በእያንዳንዱ ቅርንጫፍ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ማስቀረትዎን እያረጋገጡ። ነጩን ዴዚ ቅጠል ወደሌለው ቡናማ እንጨት ድረስ ከቆረጡት አብዛኛውን ጊዜ እንደገና አያቆጠቁጥም። እንደ ጽጌረዳ ሥር ድረስ ተቆርጠው የጠፉ ነጭ ዴዚዎች ብዙ ናቸው። ቢጫው የተሻለ ይታገሣል፤ ያም ቢሆን ጥቂት ቅጠል ይተዉለት።

ደሴ ላይ ዋናውን ክርከማ በየካቲት ሁለተኛ አጋማሽ ያድርጉት፤ የበልግ ዝናብ ከጣለ አዲሱን ቀንበጥ ያሳድገዋል። በሰኔ ጫፍ ጫፉን ብቻ ቀለል አድርገው ይንኩት። ከጥቅምት እስከ ጥር ፈጽሞ አይከርክሙ፤ የሚወጣው ለጋ ቀንበጥ ለውርጭ ይጋለጣል። ኮምቦልቻ ላይ ዋናው ክርከማ በነሐሴ መጨረሻ ይሁንና ተክሉ ለኅዳር አበባ ይድረስ። በግንቦት ሙቀት መከርከም ግንዱን ለፀሐይ ያጋልጠዋል። በመስከረም አዲስ የተተከለ በዚያው ዓመት አይከረከም።

ውርጭ ሊጥል ሲል፣ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋስ በሌለበት ምሽት፣ አሮጌ ጨርቅ ወይም ጆንያ በእንጨት ደግፈው ያልብሱት፤ ጠዋት ያንሡ። ቅጠሉን የሚነካ ፕላስቲክ ቅዝቃዜውን ስለሚያስተላልፍ አይጠቅምም። ጫፉ ከተቃጠለ ቶሎ አይቁረጡት፤ የደረቀው ሽፋን ከሥሩ ያለውን ይጠብቃል። የካቲት ሲገባ ይነሣል።

የሚያጋጥሙ ችግሮች

አፈሩ እርጥብ ሆኖ ተክሉ ከጠወለገ ሥሩ በስብሷል። ብዙ ሰው የተጠማ መስሎት ያጠጣዋል፤ ያኔ ያልቃል። ወዲያው ጤነኛ ቀንበጥ ቆርጠው ያባዙ፣ የቀረውን ይንቀሉ፣ መደቡን ከፍ ያድርጉ።

በቅጠሉ ላይ እንደ እስክሪፕቶ ጭረት የተጠማዘዘ ነጭ መስመር ካዩ በቅጠሉ ቆዳ መካከል ትንሽ ትል እየበላ ነው። በላዩ የተረጨ መድኃኒት እምብዛም አይደርሰውም። ቅጠሉን ቆርጠው ያቃጥሉ፤ ኮምፖስት ውስጥ አይጣሉ። ክሽክሽ ቀንበጡ ጫፍ ላይ ከሰፈረ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በ1 ሊትር ውሃ በጥብጠው አመሻሽ ላይ የቅጠሉን ሥር ጭምር ይርጩ፣ በ5 ቀን ይድገሙ። አስቀድመው በአንድ ቅርንጫፍ ይሞክሩት። በኮምቦልቻ አቧራማ ወራት ቅጠሉ ነጣ ያለ ነጠብጣብና ድር ከያዘ ቀይ ሸረሪት ነው፤ በሦስት ተከታታይ ጠዋት የቅጠሉን ጀርባ በኃይለኛ ውሃ ማጠብ ይቀንሰዋል።

በክረምት አበባው ግራጫ ሻጋታ ካበጀ እርጥብ አበባዎችን ለቅመው አየር እንዲገባ መሐሉን ያሳሱ። ከግንዱ ሥር እንደ ኪንታሮት ያለ እብጠት ካገኙ ግን በቁስል የሚገባ ባክቴሪያ ነው፣ አይድንም። ነቅለው ያቃጥሉ፤ መቀሱን 1 እጅ በረኪና በ9 እጅ ውሃ ነክረው ያጥቡት፣ ከዚያ አለቅልቀው ያድርቁት፣ አለዚያ ይዝጋል።

ግቢ ለሌለው

ባለ 20 ሊትር የቀለም ባልዲ ይበቃል። በጋለ ሚስማር ከሥሩ 5 ቀዳዳ ያውጡ፣ በሁለት ድንጋይ ላይ ያስቀምጡት። ከታች ጠጠር መደልደል አይረዳም፤ ውሃው ጠጠሩ ላይ ከሚያልፍ ይልቅ ከበላዩ ያለው አፈር ውስጥ ይቆያል። ድብልቁ 2 እጅ አፈር፣ 1 እጅ ብስባሽ፣ 1 እጅ አሸዋ ነው። ባልዲ ቶሎ ይደርቃል፤ በበጋ በየ2 ቀኑ ይዩት፣ በየ2 ወሩም አንድ ጭልፋ ብስባሽ ከላይ ይጨምሩ።

ነጩ ዴዚ ሁለት ዓመት ሲሞላው፣ ገና አምሮ ሳለ፣ 4 ወይም 5 ቀንበጥ ቆርጠው ተተኪ ያዘጋጁ። አሮጌውን በሚነቅሉበት ጉድጓድ ውስጥ ግን አዲሱን ወዲያው አይትከሉ። ግማሽ ሜትር ያህል ፈቀቅ ያድርጉት፤ አሮጌው ቦታ አንድ ዓመት ባቄላ ይዘራበት።